ስለ አዲሱ ማስ ኢፌክት፤ ከሰሜን ሸዋ ተጫዋቾች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጌም ቤት የሚገባ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ለኳስ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ማስ ኢፌክት ስለሚባለው የሕዋ ጌም የሚጠይቁ በዝተዋል። አዲሱ እየተሠራ መሆኑን የሰሙ አሉ። «ወጥቷል» ተብለው የተሸወዱም አሉ። ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢትና ከመሐል ሜዳ ልጆች በብዛት የሚነሡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ጌሙን በጣም ስለምወደው አንዳንዱ መልስ ረዘም ብሏል።

አዲሱ ማስ ኢፌክት የእውነት እየተሠራ ነው?

አዎ። የሚሠራው ባዮዌር የተባለው የካናዳ ስቱዲዮ ነው። ሥራ መጀመሩን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2020 ነበር። ቀኑ እንዲሁ አልተመረጠም። በጌሙ ውስጥ የልዩ ኮማንዶዎቹ ምልክት «ኤን 7» ስለሆነ አድናቂዎች በየዓመቱ ይህን ቀን ያከብሩታል። በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ጥቅምት 28 ላይ ይውላል። ከዚያ ወር አልፎ በዲሴምበር አጭር ትሬይለር ታየ።

ብዙ ሰው «ማስ ኢፌክት 5» እያለ ነው የሚጠራው። የባዮዌር ሰዎች ግን ይህን ስም አላወጡለትም።

መቼ ነው የሚወጣው?

ቀን አልተቆረጠለትም። ዓመትም አልተነገረም። በየትኛው ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚሸጥም ገና ነው። ቀን ቆርጦ የሚነግራችሁ ሰው ካለ ከራሱ ነው የሚያወራው።

ለመሆኑ ምን ዓይነት ጌም ነው? ከኳስ በምን ይለያል?

ማስ ኢፌክት ሳይንሳዊ ልብወለድ የሆነ አርፒጂ ነው። አንድ ሰው ሆናችሁ ታሪክ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ታሪኩ ደግሞ በእናንተ ውሳኔ ይሄዳል። የመጀመሪያው ጌም ታሪክ የሚጀምረው በ2183 ነው። የሰው ልጅ ከሌሎች ፍጡራን ጋር በአንድ ጋላክሲ ይኖራል። እናንተ ኮማንደር ሼፐርድ ናችሁ። ወንድ ወይም ሴት አድርጋችሁ ትጀምራላችሁ። ኖርማንዲ የምትባል መርከብ አለቻችሁ፣ የራሳቸው ጠባይና ቂም ያላቸው ጓዶች አሏችሁ። ተኩሱ ጥሩ ነው። ሰው የሚታሰረው ግን በንግግሩ ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ላንሣ። በመጀመሪያው ጌም ውስጥ ቪርማየር የምትባል ፕላኔት አለች። አሽሊና ካይደን የሚባሉ ሁለት ወታደሮቻችሁ በተለያየ ቦታ ተከብበዋል። ቦምቡ ሊፈነዳ ነው። ጊዜ ያላችሁ አንዱን ለማዳን ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ጌም ቤት ይህ ቦታ ሲደረስ አይቻለሁ። ጆይስቲኩን የያዘው ልጅ አውራ ጣቱ ደርቆ ቀረ። ከኋላው ጩኸት ተነሣ። «እሷን አድን!» «ኧረ ባክህ እሱን! እሱ ነው የሚጠቅመን!» አጠገብ ባለው ስክሪን ኳስ ይጫወቱ የነበሩት ሁለት ልጆች ጨዋታቸውን አቁመው መጡ። ከመሀል አንድ ትንሽ ልጅ «ሁለቱንም ማዳን አይቻልም እንዴ?» አለ። አይቻልም።

ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ሴቭ ያደረጋችሁት ፋይል ወደ ሁለተኛው ጌም ይሻገራል፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ቪርማየር ላይ የሞተው እንደሞተ ይቀራል፤ የተረፈው ደግሞ ከዓመታት በኋላ መጥቶ ያፋጥጣችኋል። ጎል ገብቶባችሁ ብትሸነፉ ሌላ ጨዋታ ትጀምራላችሁ። እዚህ ግን ያደረጋችሁት ነገር ይከተላችኋል። ይህን ጌም ከሌላው ሁሉ የማስበልጠው ለዚህ ነው።

ባዮዌር እነማን ናቸው?

በ1995 እ.ኤ.አ. በኤድመንተን ከተማ የተመሠረተ ስቱዲዮ ነው። የሚገርመው ከመሥራቾቹ ሦስቱ ሐኪሞች ናቸው። ሬይ ሙዚካ፣ ግሬግ ዜስቹክና ኦገስቲን ዪፕ ይባላሉ፤ ዛሬ ሦስቱም እዚያ የሉም። ኢኤ የተባለው ግዙፍ የጌም ኩባንያ በ2007 ስቱዲዮውን እንደሚገዛ አስታወቀ፤ ሽያጩ በ2008 መጀመሪያ ተጠናቀቀ። ኢኤን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፊፋ እያልን የምንጠራውን የኳስ ጌም የሚያወጣው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ማስ ኢፌክት በ2007፣ ሁለተኛው በ2010፣ ሦስተኛው በ2012 ወጣ። አንድሮሜዳ የሚባለው በ2017 ተከተለ። አዲሱን የሚመራው ማይክ ጋምብል ነው፤ ከድሮዎቹ ጌሞች ጀምሮ አብሮ የሠራ ሰው ነው።

ለምን ይህን ያህል ጊዜ ፈጀ?

በጣም የምጠየቀው ይህን ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ግማሹ ምክንያት የሥራው ጠባይ ነው፣ ግማሹ ስቱዲዮው ላይ የደረሰው ነገር ነው።

አንድ ጓድ ሊሞትም ሊተርፍም ይችላል ከተባለ ጸሐፊው ሁለት ታሪክ መጻፍ አለበት። ከተረፈ የሚናገረው ይጻፋል። ተዋናይ ስቱዲዮ ገብቶ ድምፁን ይቀዳል። የፊቱና የከንፈሩ እንቅስቃሴ ከድምፁ ጋር እንዲሄድ ይሠራል። ከሞተ ደግሞ በእሱ ቦታ ማን ቆሞ ምን እንደሚል ይታሰባል፤ ያም እንደገና ይጻፋል፣ ይቀዳል፣ ይሠራል። ሼፐርድ ወንድም ሴትም ስለሚሆን የእሱ ንግግር በሙሉ ሁለት ጊዜ ተቀድቷል። የወንዱ ድምፅ ማርክ ሚር፣ የሴቷ ጄኒፈር ሄይል ናቸው።

የሁለተኛውን ጌም የመጨረሻ ተልእኮ ውሰዱ። እስከ 12 ጓዶች ይኖሯችኋል። እያንዳንዳቸው እንደ አመራራችሁ ሊሞቱ ወይም ሊተርፉ ይችላሉ። ሼፐርድ ራሱም ሊሞት ይችላል። ሦስተኛውን የጻፉት ሰዎች ማን እንደተረፈ አያውቁም፤ ለሁሉም መዘጋጀት ነበረባቸው። እንደ መንዝ ባና አንዱን ክር ስትስቡ ሌላው አብሮ ይሳባል። ከዚያ ሞካሪዎች ቁጭ ብለው በየመንገዱ ይሄዳሉ፤ የሞተ ሰው በስሕተት ተነሥቶ ሲያወራ ያገኙና ለፕሮግራመሩ ይመልሱታል።

ወደ ስቱዲዮው ልምጣ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጌሞች የተሠሩት አንሪል ኢንጂን 3 በተባለ ሶፍትዌር ላይ ነው። ኢንጂን የምንለው ምስሉን፣ ድምፁን፣ እንቅስቃሴውን ሁሉ የሚያስኬደው መሠረት ነው። ለአንድሮሜዳ ግን ፍሮስትባይት ወደሚባል የኢኤ ኢንጂን ተሻገሩ። ፍሮስትባይትን የሠራው ዳይስ የተባለ የስዊድን ስቱዲዮ ነው፤ ባትልፊልድን ለመሳሰሉ የተኩስ ጌሞች ነው የሠራው። ምስሉ ያምራል። አርፒጂ የሚፈልገው የዕቃ መያዣ፣ የንግግር ምርጫ፣ እንደ ልብ ሴቭ ማድረጊያ ግን አልነበረውም። ብዙውን ነገር ባዮዌሮች ከዜሮ መሥራት ነበረባቸው።

በዚያ ላይ አንድሮሜዳን የያዘው በሞንትሪያል ያለው ቅርንጫፍ ነበር። መጀመሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕላኔቶችን በኮምፒውተር ቀመር ለማፍለቅ አሰቡ። አልሆነም፣ ተዉት። በጊዜው በወጡት ዘገባዎች መሠረት በመጨረሻ ሰው እጅ የገባው ጌም አብዛኛው ክፍል የተሠራው ከ18 ወር ባነሰ ጊዜ ነው። ሲወጣ የገጸ ባሕርያቱ ደረቅ ፊት በኢንተርኔት መሣቂያ ሆነ። ከዚያ «አንተም» (Anthem) የተባለው የባዮዌር ጌም በ2019 ወጥቶ አልተሳካም። ቀጥሎ የስቱዲዮው ብዙው ሰው ድራገን ኤጅ ወደሚባለው ሌላው የባዮዌር ጌም ዞረ። ማስ ኢፌክት በትንሽ ቡድን እጅ ሆኖ ተራውን ሲጠብቅ ከረመ።

አዲሱ በአንሪል ኢንጂን 5 ነው የሚሠራው። ስለ ጌሙ ከተሰማው ሁሉ እኔን በጣም ያስደሰተኝ ይህ ነው። ሰዎቹ መሣሪያ ሲሠሩ ከሚከርሙ ታሪኩን ይሠራሉ።

ሠራተኛ ተቀነሰ ሲባል ሰማሁ። ሊቀር ይችላል?

ቅነሳው እውነት ነው። በኦገስት 2023 ባዮዌር 50 ገደማ የሥራ ቦታዎችን ቀነሰ። በኦክቶበር 2024 መጨረሻ ድራገን ኤጅ፦ ዘ ቬልጋርድ ወጣ። ኢኤ እንዳሳወቀው የተጫወተው ሰው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ኩባንያው ከጠበቀው በግማሽ ያህል ያነሰ ነው። በጃንዋሪ 2025 ስቱዲዮው እንደገና ተዋቀረ። አንዳንዶቹ ወደ ሌሎች የኢኤ ስቱዲዮዎች ተዛወሩ፣ አንዳንዶቹ ተሰናበቱ። የቀረው ሰው ከ100 በታች መሆኑ ተዘገበ።

ጌሙ ግን አልተሰረዘም። የቀሩት ሰዎች ሥራ ማስ ኢፌክት ብቻ ነው። ስቱዲዮው እንደሚለው በዚህ ደረጃ የሙሉ ስቱዲዮው ጉልበት አያስፈልግም። ይህ ከጌም አሠራር ጋር ይሄዳል። ቅድመ ዝግጅት በሚባለው ጊዜ ጸሐፊዎች፣ ሠዓሊዎችና ጥቂት ፕሮግራመሮች ዓለሙን ይነድፋሉ፣ ትንንሽ ሙከራ ይሠራሉ። ብዙ እጅ የሚያስፈልገው ዋናው ምርት ሲጀመር ነው። ያም ሆኖ እንጀራቸውን ላጡት ሰዎች አዝናለሁ። የምንወዳቸውን ገጸ ባሕርያት የፈጠሩልን እነሱ ናቸው።

ኢኤ ተሸጠ የሚባለውስ?

በሴፕቴምበር 2025 ኢኤን በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ስምምነት ተደርሷል። ገዢዎቹ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ፣ እንዲሁም ሲልቨር ሌክና አፊኒቲ ፓርትነርስ የተባሉ የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ማይክ ጋምብል ማስ ኢፌክት መቀጠሉን ተናግሯል። የገንዘቡ ጉዳይ ስቱዲዮውን ወደፊት እንዴት እንደሚነካው በጊዜው እናያለን።

ሼፐርድ ይመለሳል?

ያው የሁላችንም ጥያቄ ነው። በግልጽ የተነገረ ነገር የለም። በ2020ው ትሬይለር ላይ ሊያራ ታየች፤ ከመጀመሪያው ጌም ጀምሮ አብራን ያለችው ናት። በረዷማ ተራራ ላይ ወጥታ በረዶውን ጠረገችና የተሰበረ የጦር ልብስ ቁራጭ አነሣች። ቁራጩ ላይ «ኤን 7» ተጽፏል። ፈገግ አለች። በቃ፣ ዓለም ሁሉ በዚያች ፈገግታ ላይ ሲከራከር ኖረ።

ክርክሩ መነሻ አለው። የሦስተኛው ጌም ፍጻሜ በ2012 ብዙ ሰው አሳዝኖ ነበር። ሦስት ጌም ሙሉ የወሰንነው ሁሉ መጨረሻ ላይ ወደ ጥቂት ምርጫ ጠበበ ተባለ። ቁጣው ስለበረታ ባዮዌር በዚያው ዓመት በጁን ወር ፍጻሜውን የሚያሰፋ ተጨማሪ ክፍል በነፃ ሰጠ። ከፍጻሜዎቹ በአንዱ፣ በደንብ ተዘጋጅታችሁ ከሄዳችሁ፣ ፍርስራሽ ውስጥ የወደቀ አካል ትንፋሽ ሲስብ ይታያል። ሼፐርድ አለ የሚሉት ያችን ትንፋሽ ይዘው ነው።

ለእኔ ከሼፐርድ መመለስ በላይ የሚያሳስበኝ ውሳኔያችን መከበሩ ነው። አንዱ ተጫዋች ጠላትን አጥፍቷል፣ ሌላው ተቆጣጥሮታል። አዲሱ ጌም ለሁለቱም እውነት ሊሆን ይገባል። ይህ ከባድ ጽሑፍ ነው፤ ጊዜ ይውሰዱበት። ጋምብል ጌሙ የድሮዎቹን የበሰለ መንፈስና እውነተኛ ሰው የሚመስል ምስል እንደሚይዝ ተናግሯል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው።

እስከዚያው የትኛውን ልጫወት?

ሌጀንደሪ ኤዲሽን። በሜይ 2021 የወጣ ነው፤ ሦስቱንም ጌሞች ምስላቸውን አድሶ በአንድ ይዟል። ከመጀመሪያው ጀምሩ። «ሁለተኛው ይሻላል» ብለው የሚያዘልሏችሁን አትስሙ፤ ሴቩ ካልተሻገረ ግማሹ ጣዕም ይቀራል። በኮምፒውተር ከሆነ 120 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ ራም ቢያንስ 8 ጊጋ። አንድሮሜዳን ለኋላ አቆዩት። ታሪኩ በሌላ ጋላክሲ ነው፤ ፊታቸው ይድረቅ እንጂ ውጊያው ደስ ይላል።

ክፍያው ላይ እኛ አገር ችግር አለ። የፕሌይስቴሽን አካውንት ሲከፈት ኢትዮጵያ ከአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ የለችም። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ዲስኩን ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ከሚመጣ ዘመድ ማግኘት ይቀላል። ዲስክ ስትገዙም የፕሌይስቴሽን 4 እትም መሆኑን ሽፋኑ ላይ አረጋግጡ።

ጌም ቤት ውስጥ መጫወት ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ከባለቤቱ ጋር መነጋገር ይጠይቃል። ጌም ቤቶቻችን ሒሳባቸው በጨዋታ ነው፤ ጨዋታ አልቆ ተሸናፊ ይነሣል። ማስ ኢፌክት ላይ ተሸናፊ የለም፣ በሰዓት ነው መክፈል ያለባችሁ። የእኔ ምክር ሰው ቀለል በሚልበት በጠዋት ሰዓት መሄድ ነው።

ትልቁ አደጋ ሴቩ ነው። ሌላ ልጅ መጥቶ አዲስ ጌም ቢጀምርና በእናንተው ላይ ሴቭ ቢያደርግ የሠላሳ ሰዓት ታሪክ ይጠፋል። ማሽኑ ላይ የራሳችሁን ዩዘር አስከፍቱ። ፕሌይስቴሽን 4 ከሆነ ሴቩን በፍላሽ ገልብጣችሁ ወደ ቤት መውሰድ ትችላላችሁ።

እንግሊዝኛው ለከበዳችሁ፣ ሰብሰብ ብላችሁ ተጫወቱ። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይተረጉማል፣ ሌላው ይተኩሳል። ንግግሩን በጽሑፍ የሚያሳየውን ሰብታይትል መክፈት አትርሱ። በዚህ መንገድ እንግሊዝኛቸው የተሻሻለ ልጆች አውቃለሁ።

ቴሌግራም ላይ «ማስ ኢፌክት 5 ለስልክ» የሚል ፋይል አገኘሁ። ልጫነው?

በፍጹም። ያልወጣ ጌም ፋይል የለውም። የምታወርዱት ነገር የስልካችሁን መልእክትና የባንክ መተግበሪያ የሚሰልል ሊሆን ይችላል። ከጫናችሁት አጥፉት፤ የይለፍ ቃላችሁን ከሌላ ስልክ ቀይሩ። «ቀድማችሁ ክፈሉ፣ ሲወጣ ይላክላችኋል» የሚላችሁም አጭበርባሪ ነው። ጌሙ ገና ለቅድመ ሽያጭ አልቀረበም።

ሌላ የሚጠበቅ የሕዋ አርፒጂ አለ?

ኤክሶደስን አስተውሉ። አርኪታይፕ የተባለ ስቱዲዮ በቴክሳስ ኦስቲን እየሠራው ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ጀምስ ኦሌን የባዮዌር አንጋፋ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ማስ ኢፌክቶች በዋና ጸሐፊነት የመራው ድሩ ካርፒሺንም በታሪኩ ላይ ሠርቷል። ሐሳቡ ልብ ይነካል። በብርሃን አቅራቢያ ፍጥነት የሚጓዝ ሰው ለእሱ ጥቂት ጊዜ ሲያልፍ ቤት ለቀሩት ዓመታት ያልፋሉ። ተመልሶ ሲመጣ ውሳኔው ልጆቹን ምን እንዳደረጋቸው ያያል። የፊዚክስ አስተማሪዎቻችን የሚነግሩን የአንስታይን ሕግ ነው፤ እዚህ ወደ ቤተሰብ ታሪክ ተለወጠ።

እዚህ ሰሜን ሸዋ ተቀምጠን እንዲህ ያለ ጌም መሥራት እንችላለን?

ማስ ኢፌክትን የሚያህል፣ ዛሬ አይቻልም፤ ብዙ ሰውና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። በውሳኔ የሚሄድ አጭር የሕዋ ታሪክ ግን ይቻላል። ታሪክ አያጣንም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት በሰማይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል። ያ ብርሃን በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ከዚያ ብርሃን የሚጀምር የሕዋ ጌም አስቡት። ወይም መንዝ ጓሳን ውሰዱ። ሕዝቡ ሳሩን በጋራ ሕግ ጠብቆ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት አቆይቶታል። ሌላ ፕላኔት ላይ የሰፈሩ ሰዎች ግጦሹን ይክፈቱት ወይስ ይዝጉት? ይህ ለአርፒጂ የተፈጠረ ውሳኔ ነው። የደጋ ብርድ፣ ገደል፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ የጣርማ በር ጉም፤ ሠዓሊ ሌላ ፕላኔት ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም።

መሣሪያው ነፃ ነው። ትዋይን የሚባለው በምርጫ የሚከፋፈል ታሪክ ለመጻፍ ይረዳል፤ ኮዲንግ ሳትችሉም ትጀምራላችሁ። ጎዶት የተባለው የጌም ኢንጂን ለደካማ ላፕቶፕ ይስማማል፣ ክፍያም የለውም። ባዮዌር የሚሠራበት አንሪል ኢንጂን 5 ራሱ ለጀማሪ በነፃ ይወርዳል፤ የጌሙ ገቢ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ሲያልፍ ነው 5 በመቶ የሚጠየቀው። ለእሱ ግን ጠንካራ ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

በትዋይን ጀምሩ። አሥር ውሳኔ ያለው ታሪክ ጻፉ፣ ለጓደኛ ስጡት፣ የት ላይ እንደሚያመነታ ከጎኑ ሆናችሁ ተመልከቱ። ወደ ጎዶት ስትሻገሩ መጀመሪያ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ነፃ ፎንት ጨምሩበት፤ አለዚያ ፊደላችን በባዶ ሳጥን ሊወጣ ይችላል። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ፋይሉን ላኩልኝ፤ እስከ መጨረሻው እጫወተዋለሁ፣ ያየሁትንም እጽፍላችኋለሁ።